በፈረንሳይ ገጠር ስላለው ስለ ዠርሚኚ ቤተ ክርስቲያን አሠራርና ስለ ታቦቱ ሥዕል



እንደዚህ ባለው የኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ራስ ደብር አመሠራረት፥ ስለ አሠሪዎቹና ስለ አገልጋዮቹ መጻፍ የተለመደ ነው፤ የሚገባም ነው። ይህነን ሌሎች ጸሐፊዎች በየክፍላቸው ስለሚፈጽሙት ለእኔ የተረፈኝ ከሩቅ አገር የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማምጣት ኾነ። ቤተ ክርስቲያኑ በፈረንሳይ አገር የሚገኝ ሲኾን ዕድሜው ከ1200 ዓመት በላይ ነው። የመረጥኹበትም ምክንያት፥ በመቅደሱ ጣራ ላይ የሚታየው ሥዕል የእኛ ሰው በሩቁ ዐይቶ የሚያውቀው የቃል ኪዳኑ ታቦት ስለ ኾነ ነው። ዳግመኛም ይህ ሕንፃ ከጠላት እሳት ተርፎ ሳለ በወዳጆቹ እጅ ሊጠፋ ጥቂት ብቻ ስለ ቀረው ነው። ያረጀ ቤተ ክርስቲያን ያለው ደብር ኹሉ ይህነን ነገር ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብዬ አስባለኹ። ከዚህ በታች የምጽፈው ዓመት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከኦርሌአን ከተማ ተነሥቶ የሏርን ወንዝ ሽቅብ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ የሚኼድ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዠርሚኚ ደ ፕሬ ከምትባል ትንሽ መንደር ይደርሳል። «ደ ፕሬ» ማለት በመስክ ያለች ማለት ነው፤ አገሩም በእውነት ሜዳና መስክ ነው። ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ዐልፎ የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ዐፅም ያለበት ፍለሪ የሚባለው ታላቅ ገዳም አለ። መንገደኛ ኹሉ ወደዚያ ስለሚቸኵል በመንደሪቱ መካከል ያለችውን ባለ አጭር ግንብ ቤተ ክርስቲያን ልብ ሳይላት የሚያልፍ ብዙ ነው። ነገር ግን ከኹለቱ በዕድሜ የምትበልጠው ትንሿ ናት፤ ዛሬ በፍለሪ የሚታየው ሕንፃ ከ11ኛው ምእተ ዓመት ወዲህ የተሠራ ነውና።

ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጿት የኦርሌአን ኤጲስ ቆጶስ የነበሩት ቴዎዱልፍ ናቸው። ቴዎዱልፍ በትውልዳቸው ከጎት ወገን ሲኾኑ ከእስፓንያ ምድር ወጥተው ወደ ሻርለማኝ ግዛት መጡ። ሻርለማኝም በዚያ ዘመን ሊቃውንትን ከየአገሩ ይሰበስብ ስለ ነበረ፥ ዕውቀታቸውን ዐይቶ አማካሪው አደረጋቸው፤ ኋላም የኦርሌአንን መንበርና የፍለሪን ገዳም አለቅነት ሰጣቸው። በ798 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ የደቡቡን አገር ፍርድ እንዲመረምሩ ልኳቸው ነበረ፤ ከዚያም ሲመለሱ ዳኞችን ስለ መማለጃ የሚገሥጽ ረዥም ቅኔ ጻፉ። ባለ ጉዳዮች ለእርሳቸው ለራሳቸው ምን ምን ስጦታ እንዳቀረቡላቸው በዚያ ቅኔ አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ።

ለእኛ ለደብር ሰዎች ግን ከቅኔያቸው ይልቅ ለገጠር ቀሳውስት ያወጡት ሥርዐት የሚጥም ነው። ከትእዛዞቹ አንዱ በየመንደሩ ያሉ ካህናት ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ፥ ልጆቹንም እንዲያስተምሩ፥ ስለ ማስተማራቸውም ዋጋ እንዳይጠይቁ ይላል። ሌላውም እህልና ድርቆሽ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማከማቸት ይከለከል፤ ከንዋየ ቅድሳትና ከመጻሕፍት ከአልባሳትም በቀር በዚያ ምንም አይቀመጥ ይላል። የተከለከለ ነገር ኹሉ ይደረግ የነበረ ነውና፥ በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ገጠር ቤተ ክርስቲያን እንደ ጐተራ ያገለግል እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን። እንግዲህ ዠርሚኚን ያሳነጹት ሰው ጣራና ግድግዳ ብቻ የሚያዩ አልነበሩም፤ በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ የሚጠነቀቁ ነበሩ።

በዠርሚኚ ኤጲስ ቆጶሱ የሚያርፉበት ባለጸጋ ቤት ነበራቸው፤ ቤተ ክርስቲያኗም የዚህ ግቢ ጸሎት ቤት ኾና ተሠራች። በውስጧ በዐምድ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ የተቀደሰችበት ቀን በ806 ዓመተ ምሕረት ጥር ወር መጀመሪያ እንደ ኾነ ይናገራል። ጽሑፉ በኋለኛ ዘመን እጅ የተቀረጸ ሳይኾን አይቀርም ብለው የሚጠረጥሩ ሊቃውንት አሉ፤ ዘመኑ ግን ከቴዎዱልፍ ታሪክ ጋራ ስለሚስማማ ብዙዎች ይቀበሉታል።

አሠራሯም በዚያ አገር የተለመደው አልነበረም። በምዕራባውያን ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ባመዛኙ ረዥም አዳራሽ ኾኖ ሕዝቡ ከምዕራብ ገብቶ ወደ ምሥራቅ የሚያይበት ነው። ዠርሚኚ ግን አራት ማዕዘን ኾና ታነጸች፤ በመካከሏ አራት ወፋፍራም ዐምዶች ቆመው ከላያቸው ባለ መስኮት ግንብ ይሸከማሉ፤ ብርሃንም ከዚያ ወደ መካከሉ ይወርዳል። ከመካከሉ ወደ አራቱ አቅጣጫ የሚኼደው ክፍል በመስቀል አምሳል ነው። በየአቅጣጫው መጨረሻ ላይ ግማሽ ክብ የኾነ ጓዳ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበረ፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የመቅደሱን ጓዳ ግራና ቀኝ የሚያጅቡ ኹለት ትናንሾች ነበሩ። የጓዳዎቹ ዙሪያና የቅስቶቹ ቅርጽ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ነው፤ ይኸውም ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠበብ የሚል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቅስት በእስፓንያ በጎቶች ዘመን ከተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ስለሚገኝ፥ ቴዎዱልፍ የተወለዱበትን አገር አሠራር ይዘው መጡ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሌሎችም በአራት አቅጣጫ ባለ ጓዳ የኾነውን ንድፍ ዐይተው ከአርመን አገር ከኤችሚያድዚን ካቴድራል ጋራ ያመሳስሉታል።

ሌታልድ የሚባል የሚሲ ገዳም መነኵሴ በ10ኛው ምእተ ዓመት ሲጽፍ ቴዎዱልፍ ይህችን ቤተ ክርስቲያን በአኸን ያለውን የሻርለማኝን ቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት አስመስለው አሠሯት ይላል። የአኸኑ ግን መካከሉ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ስፋቱም ብዙ ነው፤ የዠርሚኚው አራት ማዕዘንና ትንሽ ነው። እንግዲህ ምን ላይ ተመሳሰሉ ያልን እንደ ኾነ፥ መነኵሴው ያየው መካከል ተይዞ ዙሪያውን መታነጹንና የጌጡን ብዛት ሳይኾን አይቀርም ብዬ እገምታለኹ። ጌጡ በእርግጥ ብዙ ነበረ፤ ግድግዳውና የመስኮቱ ዙሪያ በኖራ በተቀረጸ አበባና ሐረግ ተሸልሞ፥ ጣራው በባለ ቀለም ጠጠር ሥዕል ተለብጦ፥ ወለሉም በእብነ በረድ ተነጥፎ እንደ ነበረ ይነገራል።

ከዚህ ኹሉ ጌጥ በቦታው የተረፈው ዋና ነገር በምሥራቁ ጓዳ ጣራ ላይ ያለው ሥዕል ነው። ሥዕሉ በቀለም ብሩሽ የተቀባ አይደለም፤ ከጥቃቅን ባለ ቀለምና ባለ ወርቅ የብርጭቆ ጠጠር አንዱ ካንዱ ጐን ተገጥሞ የተሠራ ነው፤ ፈረንጆች ሞዛይክ የሚሉት ነው። በመካከሉ የቃል ኪዳኑ ታቦት አለ። በታቦቱ ላይ ኹለት ታናናሽ ኪሩቤል ቆመዋል፤ ከታቦቱ ግራና ቀኝ ደግሞ ኹለት ታላላቅ መላእክት ክንፋቸውን ዘርግተው ጐንበስ ብለው ወደ ታቦቱ ያመለክታሉ፤ ከበላያቸው መካከል የእግዚአብሔር እጅ ከሰማይ ትታያለች። አራት መላእክት የኾኑበትን ምክንያት መጽሐፍ ያነበበ ያውቀዋል። ኹለቱ ሙሴ በስርየት መክደኛው ላይ እንዲያደርግ የታዘዛቸው ናቸው፤ ኹለቱም ሰሎሞን በቅድስተ ቅዱሳን ውስጥ ያቆማቸው ታላላቆቹ ናቸው። ቴዎዱልፍ የኦሪት ዘጸአትንና የመጽሐፈ ነገሥትን ቃል በአንድ ጣራ ላይ አገናኙት።

በዚያ ዘመን በምዕራብም በምሥራቅም በመቅደስ ጣራ ላይ የሚሣለው ጌታችን በዙፋኑ ወይም እመቤታችን ከልጇ ጋራ ነበረች። ኤጲስ ቆጶሱ ይህነን ትተው ስለ ምን ታቦትን መረጡ? ነገሩ እንዲህ ነው። በ787 ዓመተ ምሕረት በኒቅያ የተሰበሰበው ጉባኤ ለቅዱሳት ሥዕላት የአክብሮት ስግደት ይገባል ብሎ ወሰነ። የጉባኤው ቃል ወደ ላቲን ተተርጕሞ ከሻርለማኝ ዘንድ ሲደርስ ትርጕሙ የተበላሸ ስለ ነበረ፥ ለአምላክ ብቻ የሚገባው አምልኮና ለሥዕል የሚገባው አክብሮት በአንድ ቃል ተደባለቁ። የንጉሡ ሊቃውንትም ተቈጡ፤ በንጉሡም ስም ታላቅ የመልስ መጽሐፍ ተጻፈ። የዚያ መጽሐፍ ደራሲ ቴዎዱልፍ እንደ ኾኑ ዛሬ አብዛኞቹ መርማሪዎች ተስማምተዋል። አሳቡም ባጭሩ ሥዕል ለመታሰቢያና ለጌጥ ይኹን፥ አይሰበርም፥ አይሰገድለትምም የሚል ነው። ታቦትና ኪሩቤል ግን በሰው ፈቃድ ሳይኾን በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠሩ ናቸውና ከሥዕል ኹሉ ይለያሉ ይላል። እንግዲህ ያን የጻፉት ሰው በራሳቸው መቅደስ ላይ ታቦትን ማሣላቸው መጽሐፋቸውን በጠጠር ደግመው እንደ መጻፍ ይቈጠራል። በእኛ ዘንድ ለቅዱሳት ሥዕላት የሚሰጠው ክብር የታወቀ ስለ ኾነ በዚህ ነገር ከቴዎዱልፍ ጋራ አንስማማም፤ ነገር ግን ታቦት ባለበት አገር ያደገ ሰው ከፈረንሳይ መስክ መካከል ይህነን ሥዕል ቀና ብሎ ሲያይ ልቡ ሳይነካ አይቀርም።

ቴዎዱልፍ በሠሩት ቤት ብዙ አልተደሰቱበትም። ሻርለማኝ በ814 ዓመተ ምሕረት ሞተ። ልጁ ሉዊ ሲነግሥ የኢጣልያው ንጉሥ ቤርናር ዐመፀ፤ ቴዎዱልፍም ከዐመፁ ተባባሪ ናቸው ተብለው ተከሰሱ፤ እርሳቸውም ንጹሕ ነኝ እያሉ ሳለ በ818 ከመንበራቸው ተሽረው ወደ አንዤ ከተማ ተጋዙ፤ በ821ም ገደማ ዐረፉ። በምዕራባውያን ዘንድ በሆሳዕና ቀን የሚዘመረው የታወቀው መዝሙር የእርሳቸው ድርሰት ነው። በእስር ቤት መስኮት ሲዘምሩት ንጉሡ ሰምቶ ፈታቸው የሚል ትረካ አለ፤ የታሪክ ሰዎች ግን አይቀበሉትም። በዚያው በ9ኛው ምእተ ዓመት ኖርማኖች በሏር ወንዝ ሽቅብ እየወጡ አገሩን ሲያቃጥሉ የዠርሚኚም ቤት ተቃጠለ። ባለጸጋው ግቢ ፈጽሞ ጠፋ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ግን ቈሰለች እንጂ አልወደቀችም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ረዥም ነው፤ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። የታላቅ ሰው ጸሎት ቤት የነበረችው የመንደር ደብር ኾነች። ለአንድ ቤተ ሰብ የተሠራው ጠባብ ቤት ለሕዝቡ ስላልበቃ፥ የምዕራቡ ጓዳ ፈርሶ በዚያ በኩል ረዥም አዳራሽ ተቀጠለለት። በዚህ ላይ መንደርተኛውን የሚነቅፉ የጥበብ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልነቅፈውም። ሕዝብ ሲበዛ ደጅ ቆሞ ዝናም ከሚመታው ግድግዳ ማንሣት የየደብሩ ልማድ ነው፤ የተጨመረውም የተጨመረ መኾኑን ማንም ዐይቶ ያውቀዋል። የጣራውም ሥዕል ከጊዜ በኋላ በኖራ ተለስኖ ተሸፈነ፤ ታቦቱም ከሰው ዐይን ተሰወረ፤ ሰዉም ረሳው።

የተገኘበትም ነገር የሚያስደንቅ ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ የመንደሪቱ ልጆች ከቤተ ክርስቲያኑ የለቀሙትን ባለ ቀለም የብርጭቆ ጠጠር ይዘው ሲጫወቱ ተገኙ ይባላል። ይህ ከየት መጣ ተብሎ ሲመረመር ከልስኑ ሥር መላእክቱና ታቦቱ ተገለጡ። በዚያው ጊዜ የፈረንሳይ መንግሥት ያረጁ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ነበረ፤ ዋናው መርማሪም ጸሐፊው ፕሮስፔር ሜሪሜ ነበሩ። በ1840 ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያው የጥንታውያን ሕንፃዎች መዝገብ ሲወጣ ዠርሚኚ ከተመዘገቡት አንዷ ኾነች።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ዘርዘር አድርጌ ልናገር። መዝገብ የገባ ሕንፃ ይታደሳል፤ ያን ጊዜም እድሳት ማለት ዛሬ እንደምናስበው አልነበረም። የዘመኑ ታላቅ መሐንዲስ ቪዮሌ ለ ዱክ ሕንፃን ማደስ ማለት ምናልባት በየትኛውም ዘመን ያልነበረ ቢኾን እንኳ ወደ ፍጹም መልኩ ማድረስ ነው ብሎ ያስተምር ነበረ። ይህ ትምህርት በመሐንዲሶቹ ኹሉ ዘንድ ገብቶ ነበረ። የዠርሚኚ ሥራ ዡስት ሊሽ ለሚባል መሐንዲስ ተሰጠ፤ ሥራውም ከ1867 እስከ 1876 ዓመተ ምሕረት ቈየ። ግድግዳው ተሰንጥቆ፥ ድንጋዩ ተበልቶ ነበረና ሊሽ መጠገን ትቶ አብዛኛውን አፍርሶ በዐዲስ ድንጋይ እንደ ገና ሠራው። ከመቅደሱ ጓዳ ግራና ቀኝ የነበሩት ኹለቱ ትናንሽ ጓዳዎች ዛሬ የሉም። የኖራው ቅርጽ ጌጥ ከግድግዳው ወረደ፤ ከእርሱም የተረፈው ቍርጥራጭ በኦርሌአን ቤተ መዘክር ይታያል። ውስጡም ጌጥ ያልነካው ንጹሕ ድንጋይ ኾነ።

ዛሬ ወደ ዠርሚኚ የሚገባ ሰው ከ1200 ዓመት በላይ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል፤ የሚዳስሰው ድንጋይ ግን አብዛኛው የ19ኛው ምእተ ዓመት ጠራቢ ያለዘበው ነው። ንድፉ የቴዎዱልፍ ነው፤ የምሥራቁ ጓዳ ከነሥዕሉ የቴዎዱልፍ ነው፤ ሌላው ሥራ ባመዛኙ የሊሽ ነው። ከዚህም የባሰው፥ የትኛው ድንጋይ ጥንታዊ የትኛውም ዐዲስ እንደ ኾነ ሰው እንዲለየው ተብሎ አልተሠራም። ስለዚህ ከእርሱ በኋላ የተነሡ መርማሪዎች የጥንቱን መልክ ለማወቅ ከሕንፃው ይልቅ ከእድሳቱ በፊት የተነሡ ንድፎችን መመርመር ግድ ኾነባቸው። የኖርማን እሳት ቢያንስ ያቃጠለውን አቃጥሎ የቀረውን ትቶት ኼደ፤ የሊሽ ዐዲስ ድንጋይ ግን የአሮጌውን ስፍራ ይዞ ተቀመጠ።

ስለ ሊሽ ግን በፍርድ መናገር ይገባል። ግድግዳው በእርግጥ ሊወድቅ የደረሰ ነበረ፤ ዝም ቢባል ዛሬ የምናወራለት ቤተ ክርስቲያን ላይኖር ይችል ነበረ። የሠራውም ክፋት አስቦ ሳይኾን ከወደደው የተነሣ ነው፤ የቴዎዱልፍን ቤት በዐይነ ኅሊናው ሙሉ ኾኖ ስላየው፥ በፊቱ የቆመው የተጐሳቈለው ቤት አላረካውም። በ1964 ዓመተ ምሕረት የጥንታውያን ሕንፃዎች ሊቃውንት በቬኒስ ተሰብስበው የጻፉት ደንብ ይህነን የመሰለውን ሥራ የሚያስቀር ነው። ግምት ከሚጀምርበት ስፍራ ላይ እድሳት ይቁም፤ የሚጨመረውም ክፍል ዐዲስነቱ ይታወቅ ይላል። ሊሽ ይህነን ደንብ አላየም፤ እኛ ግን አይተናል። የደብር ሽማግሌዎች ጣራ ለመቀየር ወይም ግድግዳ ለመለሰን በሚመካከሩበት ጊዜ፥ አሮጌውን ከመንካታቸው በፊት ልኩን መለካትና ፎቶግራፉን ማንሣት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የወለቀውንም በር ወይም መስኮት ከማገዶ አድኖ በዕቃ ቤት ማኖር ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ሳያስደንቀኝ አይቀርም። በዚያ ቤት ውስጥ ከኹሉ ይልቅ የተጠበቀው ሰው የረሳው ክፍል ነው። የኖራው ልስን ታቦቱን ሸፍኖ ባያቈየው ኖሮ፥ ስንት ዘመን ሰው እጁን እየሰደደ ጠጠሩን ይነቅለው ነበረ? በአኸን የሻርለማኝ ጸሎት ቤት ጣራ ላይ የነበረው የጥንቱ ሞዛይክ ጠፍቶ አኹን ያለው በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ በዐዲስ የተሠራ ነው። የታናሿ መንደር ግን የራሷን ይዛለች። እርግጥ ነው፥ ይህም ሥዕል በተገኘበት ዘመን በየስፍራው ተጠግኗል፤ የትኛው ጠጠር የጥንቱ እንደ ኾነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ኾኖም ታቦቱና መላእክቱ የእግዚአብሔርም እጅ በመጀመሪያው ስፍራቸው ናቸው።

በ1905 ዓመተ ምሕረት በፈረንሳይ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን በሕግ ከተለያዩ ወዲህ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ሕንፃ የየመንደሩ ማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው፤ ጣራ ሲያፈስ የሚጨነቀው ከካህኑ ጋራ የመንደሩ ሹም ነው። የዠርሚኚም ሕንፃ በዚህ ሕግ ይጠበቃል።

ከምዕራብ ገብቶ አዳራሹን ዐልፎ በአራቱ ዐምዶች መካከል የሚቆም ሰው ከላይ ከግንቡ መስኮት ብርሃን ይወርድለታል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ቢመለከት ወርቁና ሰማያዊው ጠጠር ብርሃኑን እየተቀበለ ያብለጨልጫል። ከሥዕሉ በታች በጠጠር የተጻፈ የላቲን ጽሑፍ ይሮጣል፤ ያስጻፉት ቴዎዱልፍ ናቸው። ጽሑፉ ተመልካቹን ታቦቱንና ኪሩቤልን እንዲያይ ይጋብዘዋል፤ ዐይቶም ሲጸልይ የአሠሪውን ስም በጸሎቱ ውስጥ እንዲያስገባላቸው ይለምነዋል። መንበራቸው ተወስዶ፥ ቤታቸው ተቃጥሎ፥ ግድግዳቸውም በሌላ ድንጋይ ተተክቶ ሳለ ልመናቸው ግን እስከ ዛሬ ከስፍራው አልተነሣም።